ከመርሳ እስከ ወልድያ፦ ደህና መካኒክ ፍለጋ

የሀብሩን ወረዳ የሚያውቅ ሁሉ መርሳን ያውቃታል። የወረዳው ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄደው አውራ ጎዳና ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳን መሀል ለመሀል ሰንጥቋት ያልፋል። ከመርሳ ቀጥሎ ሲሪንቃ ይመጣል። ከሲሪንቃ በኋላ ዳገቱን ይዘን ወልድያ እንገባለን። ከመርሳ እስከ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደህና መኪና አንድ ሰዓት አይፈጅም። እኛ ግን ባለፈው የበጋ ወራት ይህን መንገድ ከጠዋት እስከ ማታ ሄድንበት። ለምን? መኪናው ተበላሸ። መኪና የሚያውቅ ሰው ደግሞ ቶሎ አልተገኘም። ያን ቀን ያየነውንና የተማርነውን ለእናንተ ለአንባቢዎቻችን እንጽፋለን።

እኛ ማታ ማታ ፊደል የምናስተምር ሦስት ተማሪዎች ነን። ደብተርና ጠመኔ ለማምጣት ወደ ወልድያ መሄድ ነበረብን። በዚያው ቀን አራት ገበሬዎች አንድ አይሱዙ ተከራይተው ቲማቲም ጭነው ይሄዱ ነበር። “ኑ ውጡ፣ አብረን እንሂድ” አሉን። ከአራቱ ሁለቱ የማታ ተማሪዎቻችን ናቸው። አንዱ አዛውንት ገበሬ ናቸው። ሌላዋ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ናት።

ቲማቲሙ በመስኖ የለማ ነው። ለማዳበሪያውና ለውሃ መሳቢያው ነዳጅ ገንዘብ ተበድረውበታል። ብድሩ የሚከፈለው ቲማቲሙ ሲሸጥ ነው። ቲማቲም ደግሞ እንደ ማሽላ ጎተራ ገብቶ አይቆይም። ፀሐይ ከመታው ይበሰብሳል።

ዳገቱ ላይ

ከመርሳ የተነሣነው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሲሪንቃን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር መኪናው ጉልበት አጣ። ከፊት በኩል ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ። ሹፌሩ ዳር ይዞ አቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከኋላው ጎማ ሥር ድንጋይ አደረገ። ከዚያ ጋቢናውን ወደ ፊት ገልብጠው ሞተሩን ከፈቱት።

ረዳቱ ጨርቅ ይዞ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል ሹፌሩ “አትንካ!” ብሎ ጮኸበት። ልክ ነበር። የጋለ ሞተር የራዲያተር ክዳን አይከፈትም። በውስጡ ያለው ውሃ ታፍኖ የፈላ ነው። ክዳኑ ሲላላ ፈልቶ ይፈናጠራል፤ ፊትና እጅ ይልጣል። ሞተሩን አጥፍቶ፣ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓትም ሆነ ከዚያ በላይ መጠበቅ ነው።

በስልክ መካኒክ ተጠራ። አንድ ወጣት በሞተር ሳይክል መጣ። ሞተሩን ከላይ አየው። ዘይቱን አልተመለከተም። ሹፌሩን አንድም ነገር አልጠየቀም። “የቴስታታው ጉርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ሞተሩ መውረድ አለበት” አለ። ዋጋውን 30 ሺህ ብር አደረገው። ግማሹን አሁኑኑ ስጡኝ አለ።

ሹፌሩ በኪሱ ገንዘብ አልነበረውም። የመኪናው ባለቤት ስልክ አልነሣም። ገበሬዎቹ ተያዩ። ቲማቲሙን ለማዳን ሲሉ ከየኪሳቸው አዋጥተው ሊያበድሩት ተነሡ። ያን ጊዜ እናቲቱ ወደ መካኒኩ ቀረብ አለች።

“ወንድሜ፣ የምትሠራውንና የምትገዛውን ዕቃ በወረቀት ጻፍልን። ስንትና ስንት እንደሆነም ጻፍልን። እኔ አነበዋለሁ” አለችው።

እስክሪብቶ አቀበልነው። ወጣቱ አልተቀበለም። “መኪና በወረቀት አይሠራም” አለ። ዕቃውን ሰብስቦ ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ ሄደ።

እውነቱን እንናገር። በዚያ ሰዓት ሁላችንም ደነገጥን። ከገበሬዎቹ አንዱ፣ “ኧረ እታለም፣ ቲማቲማችን እየበሰበሰ አንቺ ወረቀት ትጠይቂያለሽ?” ብሎ ተቆጣት። እኛ አስተማሪዎቿም ዝም አልን። ያስተማርናትን በሥራ ላይ ስታውለው ደፍረን ከጎኗ አልቆምንም። የቆሙላት አዛውንቱ ናቸው። “ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ያ ልጅ ሳይማር ጠምጥሟል። ተዉአት” አሉ።

ሞተሩ በረደ። ረዳቱ በጀሪካን ውሃ አምጥቶ ራዲያተሩን ሞላ። ትንሽ ሄድን፤ ቆምን፤ አበረድን። እንደገና ሄድን። ስንት ጊዜ እንደቆምን እንጃ። የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ጥሩምባ እየነፉ ጥለውን ሄዱ። ወልድያ የገባነው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ወልድያ የመንገዶች መገናኛ

ወልድያ የሰሜን ወሎ ዞን ከተማ ናት። አራት መንገዶች ይገናኙባታል። በደቡብ እኛ የመጣንበት የመርሳና የደሴ መንገድ ነው። በሰሜን ወደ ቆቦ፣ ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ ይሄዳል። በምዕራብ ድልብን ወጥቶ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወረታ ያደርሳል። ይህን የምዕራቡን መንገድ ቻይናዎች ናቸው በ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምረው በ1970ዎቹ የሠሩት። በምሥራቅ ደግሞ በሐራ በኩል ወደ አፋር ጭፍራ ይወርዳል።

መንገድ በተገናኘበት መኪና ያድራል። መኪና ባደረበት ጎሚስታ፣ በያጅ፣ የመለዋወጫ ሱቅና ጋራዥ ይበዛል። ስለዚህ በወልድያ መካኒክ አይጠፋም። ችግሩ የትኛው ደህና እንደሆነ ማወቅ ነው።

መጀመሪያ አንድ የመለዋወጫ ሻጭ ጠየቅን። የዘመዱን ጋራዥ አሳየን። ቀጥለን አንድ የሆቴል ዘበኛ ጠየቅን። እሱም የጎረቤቱን ነገረን። በመጨረሻ ሹፌራችን፣ “ሹፌር እንጠይቅ” አለ። መኪናቸውን ለማሳደር ወዳቆሙ ሹፌሮች ሄድን። የጠየቅናቸው “ጎበዝ መካኒክ ማን ነው?” ብለን አይደለም። “የአንተን መኪና ማን ሠራልህ? ከዚያ በኋላ ደግመህ ወደ እሱ ሄደሃል?” ብለን ነው። አምስት ሹፌሮች ጠየቅን። ሦስቱ አንድ ቦታ ነገሩን። እንግዲህ እዚያ ሄድን።

የጋሼ ጋራዥ

ጋራዡ ማስታወቂያ የለውም። ቆርቆሮ ክዳን፣ በዘይት የጠቆረ መሬት፣ በግድግዳው ላይ የንግድ ፈቃድና የሙያ ብቃት ምዘና ወረቀት ተሰቅሏል። ጋሼ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ ሰው ናቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ተቀበሉን።

ሞተሩን ከመንካታቸው በፊት ሹፌሩን ጠየቁት።

“መቼ ጀመረው?”

“ዛሬ ዳገት ላይ ነው፣ ጋሼ።”

“ከዚያ በፊት ውሃ ትጨምር ነበር?”

“አዎን፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ።”

“የባትሪው መብራት በርቶ ነበር?”

ሹፌሩ አሰበ። “ከትናንት ጀምሮ በርቶ ነበር። ምን አገናኘው ብዬ ተውሁት” አለ።

“አብሽሩ” አሉ ጋሼ። “ቴስታታ መሆኑን ግን ሳናይ አንተውም። ሁላችሁም ኑና እዩ።”

አየን። መጀመሪያ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አወጡ። ውሃ ከዘይት ጋር ከተቀላቀለ ዘይቱ እንደ ወተት ይነጣል። የእኛ አልነጣም። ቀጥለው፣ ሞተሩ በርዶ ስለነበር፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ሞተሩን አስነሡ። ጉርኒሲዮኑ ከተቃጠለ ውሃው ውስጥ አረፋ እየተከታተለ ይወጣል። አልወጣም። በመጨረሻ የጭስ ማውጫውን አዩ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ አልነበረም። “ቴስታታው ደህና ነው” አሉ።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ቺንጋውን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ቺንጋ ማለት እንደ ቀበቶ የሚዞር ጎማ ነው። በሞተሩ ጉልበት ይዞርና ሌሎች ዕቃዎችን ያዞራል። ሲጫኑት ትንሽ ብቻ መርገብ አለበት። የእኛ ግን ልክ እንደ ላላ ገመድ ወደ ውስጥ ገባ። ዳር ዳሩም ተሰነጣጥቋል።

ጋሼ እንዲህ ብለው አስረዱን። ሞተር ውስጥ እሳት አለ። ያ እሳት ሞተሩን እንዳያቀልጠው ውሃ በዙሪያው ይመላለሳል። ውሃውን የሚገፋው ትንሽ ፓምፕ ነው። ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋው ነው። ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞም የሚያዞረው ቺንጋ ነው። ቺንጋው ሲላላ ፓምፑም ዲናሞውም ይደክማሉ። ስለዚህ የባትሪው መብራት ይበራል፤ ሞተሩም ይግላል። መብራቱ ከትናንት ጀምሮ ይናገር ነበር። የሚሰማው ግን አላገኘም።

ውሃውም የሚያልቀው በሌላ ምክንያት ነው። ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ ውሃ የሚያስተላልፈው ወፍራም የጎማ ቱቦ ማኒኮቶ ይባላል። እሱም ከሥሩ ተሰንጥቆ ያንጠባጥብ ነበር።

የጣሊያን ቃላት

ጋሼ ልጆቹን “ካቻቪቴ አምጣ፣ ፒንሳ አቀብለኝ” ሲሉ እናቲቱ፣ “ይህ የማን ቋንቋ ነው?” ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ደስ አሰኘን።

ጣሊያን አገራችንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራ ይዞ ነበር። በዚያ ጊዜ ለጦሩ ብሎ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል እስከ አሥመራ የሚደርሰውን መንገድ ሠራ። በመንገዱ ላይ የጣሊያን መኪናዎችና የጣሊያን ጋራዦች መጡ። የእኛ ሰዎች ሙያውን ያዩት በዚያ ነው። ጣሊያን ተሸንፎ ወጣ። የዕቃዎቹ ስም ግን እዚሁ ቀረ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ብሎን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ጎሚስታ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በየዓመቱ መኪናው ተመርምሮ የሚለጠፍበት ቦሎም እንደዚሁ ነው።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? የዕቃውን ስም ያላወቀ ሰው “ያ ነገር ተበላሽቷል” ሲሉት ሌላ ከመክፈል በቀር ምንም ማለት አይችልም። ስሙን ያወቀና የጻፈ ግን ሦስት ሱቅ ገብቶ ዋጋ ይጠይቃል። በወልድያ የምናገኘው የመኪና ዕቃ አብዛኛው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ ይባላል። 500 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መንገድ አቋርጦ ሲመጣ ዋጋው ይጨምራል። ከሱቅ ሱቅም ይለያያል። ስለዚህ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። ከጋራዡ ልጆች አንዱ በጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር አሳየን። አራት አሃዝ ነው። 2319 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ጎማው በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ይህም በእኛ አቆጣጠር 2011 ዓ.ም. ነው። “አዲስ ነው” ተብሎ የሚሸጥ ጎማ ቁጥሩ ያጋልጠዋል። አዛውንቱ በጣታቸው እየዳሰሱ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡት።

ወረቀቱ

ጋሼ ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት ሳይጠየቁ ወረቀት አውጥተው ጻፉ።

ቺንጋ 1፦ 1,400 ብር
ማኒኮቶ 1፦ 900 ብር
የማኒኮቶ ማሰሪያ 2፦ 200 ብር
የእጅ ዋጋ፦ 1,500 ብር
ድምር፦ 4,200 ብር

ሹፌሩ ወረቀቱን ለእናቲቱ ሰጣት። በጣቷ እየቆጠረች ደመረች። ደገመች። ሦስተኛ ጊዜም ደመረች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ፣ “ጋሼ፣ እኔ ተሳስቼ እንደሆነ እንጃ፤ 4,000 ነው የሚመጣው” አለች።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱ። “እውነትሽን ነው፣ ልጄ” አሉና አረሙት። አላፈሩም፤ አልተቆጡምም። ቀን የተቆጣት ገበሬ ግን አንገቱን ደፋ። እኛም አብረን አፈርን።

ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። የመኪናው ባለቤትም በስልክ ተገኝቶ ገንዘቡን ላከ። ጋሼ የተበላሸውን ቺንጋና ማኒኮቶ ለሹፌሩ መለሱለት። “አሮጌው ዕቃ የባለመኪናው ነው። መለወጡን በዓይኑ ይይ” አሉ። ሌላም ነገር አገኙ። የሙቀት መለኪያው አይሠራም። ሹፌሩ ሞተሩ መጋሉን አስቀድሞ ያላወቀው በዚህ ነው። “ይህ የኤሌትሪክ ሥራ ነው፤ እኔ አላውቀውም። ነገ ጠዋት ወደሚያውቀው ሰው እልካችኋለሁ” አሉ።

እኛ በዚህ ተደነቅን። አዋቂ የተባለ ሰው “አላውቅም” ሲል ሰማን።

ስለዚያ ወጣት መካኒክም ነገርናቸው። “ሌባ ነው” ይሉናል ብለን ጠብቀን ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። “ሌባ ነው አትበሉ፤ ላያውቅ ይችላል። አላውቅም ማለት አፍሮ ይሆናል። እኔም በልጅነቴ እንደሱ ነበርሁ። አንድ ጊዜ የደህና መኪና ሞተር ፈትቼ መግጠም አቃተኝ። ዓለቃዬ ባይደርስልኝ ያ ሰው መኪናውን ባጣ ነበር። ልጁን ካገኛችሁት ወደ እኔ ይምጣ በሉት” አሉ።

ከዚያ አንድ የተቀዳደደ ደብተር አሳዩን። ቀን፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የተበላሸው ዕቃ፣ የተደረገው ሥራ ተጽፎበታል። “በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጋራዥ ውስጥ ዕቃ የማጥብ ልጅ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን እጽፋለሁ። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ መፍቻዎቼ ሁሉ ሄዱ። ደብተሬን ግን ማን ይፈልገዋል? ቀረልኝ” ብለው ሳቁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ይህ ነው።

ከጉዟችን ምን ተማርን?

አንደኛ፣ ደህና መካኒክ ለማግኘት ሠርቶ የተሠራለትን ሰው ጠይቁ። አንድ ሰው ብቻ ጠይቃችሁ አትመኑ።

ሁለተኛ፣ ደህና መካኒክ ከመፍታቱ በፊት ይጠይቃል። መቼ ጀመረ? ምን ድምፅ ነበረው? የትኛው መብራት በራ? የሚነዳው ሰው ያየውን ሁሉ ሳይንቅ ይንገረው።

ሦስተኛ፣ ጉዳቱን በዓይን ያሳያል። አሮጌውን ዕቃ ይመልሳል።

አራተኛ፣ ዕቃውንና ዋጋውን ይጽፋል። ሲከፈለው ደረሰኝ ይሰጣል። ወረቀቱ ባለገንዘቡንም ባለሙያውንም ይጠብቃል።

አምስተኛ፣ የማያውቀውን አላውቅም ይላል። ወደሚያውቀውም ይልካል።

ይህ ለመኪና ብቻ አይደለም። የውሃ መሳቢያ ሞተርም፣ የእህል ወፍጮም፣ ባጃጅም እንዲሁ ነው። የውሃ መሳቢያችሁ ሲቆም ከማስፈታታችሁ በፊት ዘይቱን እዩ፤ ናፍታው አለመቆሸሹን እዩ፤ የውሃ መሳቢያው ቱቦ አየር አለማስገባቱን እዩ። ያያችሁትን በደብተር ጻፉ። መካኒክ ሲመጣ አንብቡለት።

ቲማቲሙስ? ሌሊቱን አድሮ በማግስቱ ማለዳ ገበያ ወጣ። ሦስት ሳጥን ተበላሽቶ ተጣለ። ሌሎች ቀድመው ስለገቡ ዋጋውም ወርዶ ነበር። ብድሩ በሙሉ አልተከፈለም፤ ግማሹ ተከፈለ። ይህ ጉዳት ነው፤ ደስ አይልም። ይሁን እንጂ ያን ቀን 15 ሺህ ብር ዳገት ላይ ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ለግማሹም አይተርፉም ነበር።

ስንመለስ በሲሪንቃ በኩል አለፍን። ወጣቱን መካኒክ አገኘነው። እናቲቱ ወርዳ የጋሼን መልእክት ነገረችው፤ የጋራዡን ቦታም በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ተቀበለ።

ጥያቄዎች

1. የጋለ ራዲያተር ክዳን ለምን አይከፈትም?
2. ቺንጋው ሲላላ የባትሪው መብራት ለምን ይበራል?
3. እናቲቱ መካኒኩን ምን ጠየቀችው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትጠይቁ ነበር?
4. በወረቀቱ ላይ ያለውን ሒሳብ እናንተም ደምሩ። ስንት መጣ?
5. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ያለ አንድ ሞተር የትኛው ክፍሉ ምን እንደሚባል ጠይቁና ስሙን ጻፉ።